«ሰበብ ብቻ»

ወንድሜ፣ እናትህ ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ «ሐኪሜን አላህ ይጠብቅልኝ» ስትል፣ «ያዳነሽ አላህ ነው፤ እሱ ሰበብ ብቻ ነው» ብለህ አታርማት። ሺፋእ ከአላህ መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ምስጋናዋ ራሱ ዱዓ አይደል? ያ ሰው ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ቆርጦ አውጥቷል፤ ጠርዙ ላይ ካንሰር አለመቅረቱን የላብራቶሪ ውጤት እስኪነግረው ጠብቋል። «ብቻ» የሚባል ሥራ አይደለም።

ሙስሊም ባይሆንስ? ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ ሙሽሪክ ሆኖ ነው የሞተው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከጧኢፍ ሲመለሱ መካ የገቡት በእሱ ጥበቃ ነበር። ከበድር በኋላ ታዲያ፣ ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ስለ ምርኮኞቹ ቢያነጋግራቸው ለእሱ ሲሉ ይለቋቸው እንደነበር ተናገሩ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሃት ግባ፤ አንተም አመስግነው።