ከአቡ ቁበይስ የተሰማው ጩኸት

 

የአላህ ባሮች ሆይ! አንድ የየመን ነጋዴ መካ ገብቶ ሸቀጡን ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ሸጠ፤ ሰውየው ገንዘቡን ከለከለው። በየደጁ ዞሮ ሰሚ ሲያጣ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ያኔ የመካ ቁረይሾች በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ለተበደለ ሁሉ አንድ እጅ ሊሆኑ ተማማሉ፤ የነጋዴውንም ሐቅ አስመለሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወጣትነታቸው እዚያ ነበሩ። ነቢይ ከሆኑ በኋላም ለእንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ልብ በሉ፣ የማሉት ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም።

ይህን ያነሣሁት፣ እዚህ አሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ለሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ለሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድኅን፣ ሲሟገቱ «የፖለቲካ ጉዳይ ነው» ብሎ የሚያልፍ ወንድም ስላለ ነው። ከእህቶቻችን ስንቶቹ ሰው ቤት አዛውንት ሲያስታምሙ ያድራሉ? ገላ ያጥባሉ፣ መድኃኒት ያቀብላሉ፣ በእኩለ ሌሊት ደግፈው ሽንት ቤት ያደርሳሉ። የዚህ ሥራ ክፍያ በብዛት የሚመጣው ከሜዲኬይድ ነው።

የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር፣ ኤስኢአይዩ የምንለው፣ የሜዲኬይድን በጀት የሚቀንሰውን ሕግ ተቃውሞ ሰልፍ ወጣ። ሕጉ ግን ሴኔት ውስጥ 50 ለ50 ሆኖ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ አለፈ፤ ጁላይ 4 ቀን 2025 ተፈረመ። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ፣ ግሪን ካርድ ያልያዘ ስደተኛና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ይወጣል። ከ2027 ደግሞ ብዙዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መሰል ተግባር መፈጸማቸውን ማስመስከር አለባቸው።

ማስመስከሩ ቀላል ይመስላል። ግን የአርካንሶ ግዛት በ2018 ሞክራው ነበር። ሪፖርት የሚደረግበት ድረ ገጽ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ዝግ ነበር። ቀን ስትሠራ ውላ፣ ልጆቿን አስተኝታ ኮምፒውተር የምትከፍት እናት ተዘግቶ ነው የምታገኘው። በጥቂት ወራት 18,000 ያህል ሰው መድኅኑን አጣ፤ ከእነሱም መካከል ሥራ ያላቸው ነበሩ።

«ማኅበሩ የሚጮኸው ለራሱ መዋጮ ነው» ትሉ ይሆናል። ይሁን! ቁረይሾችም የገበያቸው ስም እንዳይጠፋ ሳያስቡ የቀሩ አይመስለኝም። የነጋዴው ሐቅ ግን ተመልሷል።

ከሶላት በኋላ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ አንዲት የማኅበሩ አባል እህታችን ላፕቶፕ ይዛ ትቀመጣለች። ከሜዲኬይድ የመጣላችሁን ደብዳቤ ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ የከተታችሁ፣ ለሚቀጥለው ጁሙዓ ይዛችሁ ኑ። እንግሊዝኛው ከበደኝ ብላችሁ አትፈሩ፤ እኔም የራሴን እሷ ናት ያነበበችልኝ።