ከአፍ ከወጣ አፋፍ

ልጄ፣ ከደባርቅ የላክህልኝን ዜማ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ግጥሙ ደህና ነው። ድምፅህም ወደ እናትህ ወገን ያደላል፣ እሰየው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ግን ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። «ሰ» እና «ሸ» ባለበት ሁሉ እንደ መርፌ ይወጋል፤ ድምፅህን ከፍ ስታደርግ ደግሞ ቆርቆሮ በድንጋይ ሲፋቅ ይመስላል። አንተም ሳይታወቅህ አልቀረም፤ «ማይኩ ርካሽ ስለሆነ ይሆን? የተሻለ ልግዛ?» ብለህ ጽፈሃል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት እኔ የከፈልኩትን ስማ።

እኔም በአንተ ዕድሜ ደባርቅ ቤት ተከራይቼ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። አንድ ቀን ከመካነ ብርሃን ወዲያ ካለ የጃናሞራ ቀበሌ ለገበያ የወጡ አንድ አዛውንት ወደ ቤቴ መጡ። ቀረርቶ የሚያውቁ፣ የድሮ ሰው ናቸው። ሻይ አፍልቼ፣ በርጩማ አቅርቤ፣ ማይኩን አፋቸው ሥር ደቀንሁት። «እስቲ ትንሽ ይናገሩ አባቴ» አልኋቸው። ስለ ገብስ ዋጋ ጥቂት አጫወቱኝ። መቅረጫዬን በዚያ ድምፅ ልክ አስተካከልሁ።

እዚህ ላይ ቆም በል። የመጀመሪያው ጥፋት የተሠራው ያኔ ነው። ስለ ገብስ ዋጋ የሚያወራ ሰውና ቀረርቶ የሚያሰማ ሰው አንድ ድምፅ የላቸውም። አዛውንቱ ቀረርቶውን ሲጀምሩ የመቅረጫው ቀይ መብራት በራ፤ በርቶም ቀረ። አየሁት። ግን ትልቅ ሰው ማቋረጥ ነውር መሰለኝና ዝም አልሁ፤ «በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል» ብዬም ራሴን አጽናናሁ። ያቺ ዝምታ ናት ያስከፈለችኝ።

በኋላ ሳምንታት ሙሉ ኢኮላይዘር ስነካካ ከረምሁ። ላይኛውን ድምፅ ብቀንሰው ሰውዬው ጋቢ ተከናንበው የሚናገሩ መሰሉ፤ ውጋቱ ግን አልለቀቀም። ለምን መሰለህ? ዲጂታል መቅረጫ ጣሪያ አለው፤ ዜሮ ዴሲቤል ይሉታል። ድምፁ ጣሪያውን ሲመታ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠው ቦታም ሰውዬው ያላወጡት አዲስ ሸካራ ድምፅ ይወለዳል። የተቆረጠውን መልሶ የሚቀጥል ኢኮላይዘር የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ የሰሜን ገደል አጠገብ ያደጉ ሰዎች፣ የሚሉትን ያውቃሉ።

ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ልቀርጻቸው አገራቸው ድረስ ሄድሁ። ደህና ናቸው፣ ተመስገን። የፊት ጥርሳቸው ግን ወልቋል። «ሰ» ሲሉ ነፋስ ያመልጣል። ግጥሙን አልረሱም፤ ያ ድምፅ ግን አልነበረም። «ያን ጊዜ ምን ሆነህ ነው በደንብ ሳትቀርጽ የቀረኸው?» አሉኝ እየሳቁ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ በጎውን ምሳሌ ልንገርህ። እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን በፒያኗቸው ታውቃቸዋለህ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። እማሆይም ጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያድሩ አይተው፣ እነሱን ለመርዳት ብለው ሙዚቃቸውን ለማስቀረጽ ተነሡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ወጣ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ሥራም አላቸው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው፣ ፒያኖ እየመቱ ያዜሙትን በተራ ካሴት ቴፕ ቀድተው ነበር። ስቱዲዮ የለም፣ ባለሙያ የለም። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ ያ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2024 በአልበም ታትሞ ወጣ። ስታዳምጠው ከመስኮቱ ውጭ ወፍ ትሰማለህ። ካሴቱም ሽሽ ይላል። ግን ስልኩን ከጆሮህ አታርቅም።

ለምን እንደማታርቅ አስብበት። እማሆይ አይጮኹም፤ ለራሳቸው እንደሚያዜም ሰው ነው የሚያዜሙት። ካሴትም ጠባዩ ለስላሳ ነው። ሲሞላ ቀስ እያለ ይወፍራል እንጂ እንደ ኮምፒውተር በአንዴ አይቆርጥም፤ ላይኛውን ድምፅም ጥቂት ያደበዝዛል። አድማጭ ወፏን ይቅር ይላል፣ የካሴቱን ሽሽ ማለትም ይቅር ይላል። ጆሮውን የሚወጋውን ግን ይዘጋዋል። አንተ ግን የውሻ ጩኸት እንዳይገባብህ ሌሊት ስትለፋ ከርመህ፣ ውጋቱን እዚያው ትተኸዋል።

ስለ ውጋት ካነሣሁ አይቀር የያሬድን ነገር ልጨምርልህ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ ተራራ አለ። ትውፊቱም ሊቁ በመጨረሻ ወደ ሰሜን መጥቶ በዚያው እንደ ተሰወረ ይነግረናል። ስለ ትሉ አልነግርህም፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስትሰማው ኖረሃል። የጦሩን ነገር ግን ልብ በል። ያሬድ ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው፣ የተመረኮዙት ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ደሙ እስኪፈስ ድረስ አንዳቸውም አላወቁም ይባላል። እኔ ከዚህ የተማርሁት፣ የሚያዜመውም በዜማው የተመሰጠውም ጦሩን እንደማያዩ ነው። አንተ ደግሞ ዘማሪውም ቀራጩም ራስህ ነህ። ስለዚህ በቀረጽህበት ሌሊት አትፍረድ። ጠዋት፣ ድምፁን ዝቅ አድርገህ፣ በስልክ አንዴ፣ በሰው ባጃጅ ውስጥ አንዴ ስማው።

ወደ ክፍልህ እንመለስ። መሐል ላይ ቆመህ አንድ ጊዜ አጨብጭብ። ጭብጨባው ከጠፋ በኋላ ግድግዳው «ትርርር» ብሎ ከመለሰልህ፣ ማይኩ ያንተን ድምፅና የግድግዳውን አንድ ላይ እየሰማ ነው። የአያትህ ሳር ቤት ውስጥ አጨብጭብና አወዳድር፤ ሳሩና ጭቃው ድምፅ ይውጣሉ። ወደዚያ መሄድ ካልቻልህ ጋቢና ብርድ ልብስ ከጀርባህ ስቀል። ከጀርባህ ነው ያልሁህ፤ ማይኩ የሚያየው ወደዚያ ስለሆነ። ወለሉ ላይ ደበሎ አንጥፍ። ክረምት ሲገባ ግን ከቆርቆሮ ጋር አትታገል፣ ዝናቡ ያሸንፍሃል።

ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቅ፤ 20 ሳንቲሜትር ገደማ። ማይኩንም ጥቂት ወደ ጎን አዙረው፣ ትንፋሽህ በአጠገቡ ይለፍ። የእኛ ቋንቋ «ጸ»፣ «ጨ»፣ «ጠ» አለበት፤ ፊት ለፊት ከተቀበላቸው እንደ ጥይት ይፈነዳሉ። ርካሽ ኮንደንሰር ማይኮች ብዙዎቹ ላይኛውን ድምፅ በራሳቸው ይጨምራሉና ይህ ማዘንበል ለእነሱ ይበልጥ ይጠቅማል። የመቅረጫውን ጌይን ስታስተካክል እንደ እኔ በወሬ አትለካ። ከዜማው ከፍ የሚለውን ስንኝ በሙሉ ድምፅህ አዚመው፤ እሱ ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ላይ ይቁም።

ይህን ሁሉ አድርገህ የቀረ ውጋት ካለ ያን ጊዜ ኢኮላይዘሩን ክፈት። የሰው ጆሮ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ላይ በጣም ስል ነው፤ ሸካራነቱን መጀመሪያ እዚያ ፈልገው። የ«ሰ» ፉጨት ከፍ ብሎ፣ ከ5,000 እስከ 8,000 አካባቢ ይገኛል፤ ለእሱ ዲ-ኤሰር አለልህ። ሁለት ሦስት ዴሲቤል ከቀነስህ በኋላም የሚወጋ ከሆነ ኮምፒውተሩን ዘግተህ ወደ ማይኩ ተመለስ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ጥርስህ ገና ሙሉ ነው።

ያችኑ ሁለተኛ ስንኝ ጋቢው ሳይሰቀልና ተሰቅሎ ሁለት ጊዜ ቀርጸህ ላክልኝ። የአዛውንቱንም ቀረርቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርገህ ክፈተው።