የሰው ምስጋና

ሰው ባልሠራው ሥራ ሲመሰገን ምን ማለት አለበት? “እኔ አይደለሁም” ማለት ነዋ! ይህን ለመመለስ መቼም ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ የሰፈራችን ሊስትሮ ይመልሰዋል። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ አልበቃ ብሎኝ ባሕር ተሻግሬ፣ ጥያቄው ፊት ለፊቴ ሲቆም መልሱ ጠፋኝ።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ሶል ከሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማሪ ይለዋወጥ ነበርና ለአንድ ሴሚስተር ደቡብ ኮሪያ ሄድኩ። የልውውጥ ተማሪነት ደስ ይላል። ተማሪ ነህ፤ ፈተና ቢከብድህ ግን “ገና አልለመደም” ይሉልሃል። እንግዳ ነህ፤ ግን ልብስህን ራስህ ታጥባለህ። አራት ወር ሙሉ አገርህን ወክለህ ትዞራለህ፤ ማን እንደ ወከለህ የሚጠይቅህ የለም።

አገሩ ብዙም አልከበደኝም። ለሰው ዕቃ ሲሰጡም ሲቀበሉም በሁለት እጅ ነው። ይህንን እናቴ በኩርኩም አስተምራኛለች። በምድር ውስጥ ባቡሩ ፉርጎ ዳርና ዳር ለአዛውንት የተተወ መቀመጫ አለ፤ ባዶውን ቢሄድ እንኳ ወጣቶቹ ቆመው ይሄዳሉ እንጂ አይቀመጡበትም። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት ቡናዋን ብቻ ነበር። እሱም ደግ ነው፤ ከማያውቁን ይሻላል።

ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ናቸው። አንድ ቀን ባቡር ውስጥ አንድ አዛውንት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። “ኢዲዮፒያ” አልኩ፣ እነሱ እንደሚጠሩት አድርጌ። ሰውየው ብድግ ብለው ጎንበስ አሉልኝ። እኔ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ! ማንም አልነበረም።

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የክብር ዘበኛ ልጆች የተመለመሉበት የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ፑሳን ገባ። ጦርነቱ እስኪቆም ሻለቆች እየተተካኩ ከ3,500 ያላነሱ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተዋግተዋል። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ አንድም ሰው የለም።

እኔ ይህን ታሪክ በልጅነቴ የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሰፈራችን ዘበኛ ነው። “ኮሪያው” እንላቸው ነበር። “እዚያ አገር ምራቅህን እንትፍ ስትል መሬት ሳይደርስ ድንጋይ ይሆናል” ሲሉ በሳቅ እንሞታለን። “ኮሪያው፣ እስቲ የምራቁን ንገሩን!” እያልን እናስደግማቸዋለን። በደርግ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ሜዳያቸውን በቆርቆሮ አድርገው ጓሮ ቀብረውት ነበር አሉ። በኋላ ቆፍረው ሲያወጡት ዝጓል። በዛገ ሜዳይም ሳቅን። ልጆች ነበርና።

ኅዳር ላይ ቹንቾን ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። ከሶል በዚያን ጊዜው ባቡር ሁለት ሰዓት ግድም ይወስዳል። እዚያ ወንዝ ዳር ለቃኘው ዘማቾች የቆመ ሐውልት አለ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. ኮሪያን ሲጎበኙ የተመረቀ ነው። ከፊት ለፊቱ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ የመታሰቢያ አዳራሽ ቆሟል፤ ጣሪያው የኛን ጎጆ ቤት ይመስላል። ብርዱ እንባዬን ያወርደዋል። ሐውልቱ ሥር ቆሜ አፍንጫዬን ስጠርግ አንድ ሽማግሌ ያለቀስኩ መስሏቸው መጡ።

“ሃራቦጂ?” አሉኝ። አያት ማለት ነው፤ ይህቺን ቃል ተምሬያታለሁ። ጣታቸውን ወደ ሐውልቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አመለከቱ። አያትህ እዚህ ተዋግተዋል ወይ ማለታቸው ነው።

“ኔ” አልኩ።

“ኔ” በኮሪያኛ “አዎ” ማለት ነው። አንድ ፊደል ናት። በአንድ ፊደል አያቴን ቀየርኳቸው። እውነተኛው አያቴ የመንዝ ገበሬ ነበሩ፤ ባሕር የሚባለውን ነገር በወሬ ብቻ የሚያውቁ፣ ጠመንጃቸውን ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ያልተኮሱ።

ሽማግሌው እጄን ይዘው ምሳ ቤት አስገቡኝ። በዚያ ከተማ የታወቀው ምግብ በትልቅ ምጣድ ላይ ከጎመንና ከበርበሬ ጋር የሚጠበስ ዶሮ ነው፤ ብርድ ላይ ቆይቶ ለገባ ሰው ጸሎት ነው። የልጅ ልጃቸውን በስልክ ጠሩ። ተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛ ታስተረጉም ጀመር። በጦርነቱ ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው በስደቱ መንገድ ላይ ጠፍታባቸዋለች። አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ጓንቱን አውልቆ እጃቸው ላይ አጠለቀላቸው። ወታደሩ ባዶ እጁን ብብቱ ሥር ወትፎ ሲሄድ እስካሁን ይታያቸዋል። “ስሙን አልጠየቅኩትም” አሉ። “58 ዓመት ሙሉ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።”

ከዚያ ልጅቷ ማስታወሻ ደብተር አወጣችና “የአያትህ ስም ማን ነው?” አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ መመለሻው እዚህ ነበር። ምጣዱ ላይ ያለው ዶሮ ገና አልበሰለም፤ እውነቱን ተናግሬ ልነሳ እችል ነበር። እኔ ግን የገበሬውን አያቴን ስም ከነአባታቸው ሰጠሁ። ስሙ እውነት ነው፤ ሰውየው ነው ሐሰቱ። ምሳውን በላሁ። ከምሳ በኋላ ሱቅ ገብተው ወፍራም የክረምት የውስጥ ልብስ ገዙ፤ ኮሪያዎች ለወላጅ የሚሰጡት ዓይነት። “ለአያትህ፤ ያን ጊዜ በርዷቸዋል” አሉ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እናቴ ብታየኝ በአቀባበሌ ትኮራ ነበር።

ማታ መኝታዬ ላይ ለራሴ ጠበቃ ሆንኩ። አንደኛ፣ “አይ” ብል ሽማግሌውን አሳፍር ነበር። ሁለተኛ፣ የዘመተችው አገሬ ናት፤ እኔም የአገሬ ልጅ ነኝ። ሦስተኛው ጠንከር ያለ ነው፤ ሰውየው ምስጋናቸውን 58 ዓመት ተሸክመውታል። ምስጋና ደግሞ እንደ ዕዳ ነው፣ የሚከፍሉት ሰው ሲያጡ ይከብዳል። እኔ ታዲያ ሸክም ባወርድላቸው ምን ኃጢአት አለው?

ጥሩ ክርክር ነበር። ያፈረሰው አንድ ተራ ጥያቄ ነው። “አይ፣ የኔ አያት ገበሬ ነበሩ” ብላቸው ኖሮ ሽማግሌው ምሳውን ይከለክሉኝ ነበር? አይመስለኝም። ባቡር ውስጥ ጎንበስ ያሉልኝ ሰውዬ ስለ አያቴ መች ጠየቁኝ! ኢትዮጵያዊነቴ ይበቃቸው ነበር። እንግዲያው የዋሸሁት ለሳቸው ብዬ አይደለም። ገበሬው አያቴ አንሰውብኝ ነው።

ይኼ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ያን ሠራዊት ያበላና ያለበሰ ካዝና የተሞላው ከየት ኖሯል? አያቴ በየዓመቱ “ግብር ግብር” እያሉ እህላቸውን ወደ ገበያ ሲያወርዱ፣ ከሱ ውስጥ አንድ ስሙኒ ወደ ኮሪያ አልሄደም ብሎ ማን ይምላል? ላያውቁት ጦርነት ከፍለዋል። አመስጋኝ ያጡት እኮ እሳቸው ናቸው! እኔ ደግሞ ስማቸውን ወስጄ ሌላ ሰው ላይ አለበስኩት።

በነገራችን ላይ ይኼ ጠባይ የኔ ብቻ አይመስለኝም። አድዋን ስናወራ “ድል አደረግናቸው” እንላለን፤ አንዳችንም አልነበርንም። ስለ ቀይ ሽብር ስናወራ ግን “ጨረሷቸው” ነው የምንለው። ድሉ ላይ “እኛ”፣ ግፉ ላይ “እነሱ”። አባት ሲያወርስ ቤቱንም ዕዳውንም ነው የሚያወርሰው። እኛ ቤቱን ገብተንበት ባለዕዳው ሲያንኳኳ “ተሳስተሃል፣ ጎረቤት ነው” እንላለን። የአያትን ክብር መውረስ አይቻልም እያልኩ አይደለም፤ ይቻላል። ግን የወረሰ ሰው ቢያንስ የአውራሹን ስም ማወቅ አለበት።

ስም ካልኩ ዘንድ… ጥር ላይ ተመለስኩ። ያንን የውስጥ ልብስ ይዤ ኮሪያውን ፍለጋ ወጣሁ። ወደ ሰማንያ ተጠግተዋል፤ አሁንም የሌሊት ዘበኛ ናቸው፣ አንድ ያላለቀ ፎቅ ይጠብቃሉ። በር ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስማቸውን አላውቀውም። ያደግኩት ደጃቸው ላይ ነው፤ ተረታቸውን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ስማቸውን ጠይቄያቸው ግን አላውቅም። የኮሪያው ሽማግሌስ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ፣ በረዶ ላይ ነበሩ፣ ጦርነት ነበር። እኔ ምን ነበርኩ?

“አባባ፣ ስምዎ ማን ነው?” አልኳቸው።

ደነገጡ። “ምን አደረግኩ? ቀበሌ ነው የላከህ?”

እውነታቸውን ነው፤ እኛ አገር ስምህን ከነአያትህ የሚጠይቅህ ሊከስህ ያሰበ ነው። ቁጭ ብዬ ከሐውልቱ እስከ ዶሮው፣ ከ“ኔ” እስከ ደብተሩ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው የልብሱን ውፍረት በጣታቸው እየዳበሱ፣ “ይኼ እንኳ ያን ጊዜ ነበር መምጣት የነበረበት” አሉ። ቀጥለውም፣ “ጓንቱን የሰጠው እኔ አይደለሁም፤ የኔ ተቃጥሎብኝ ነበር። ደረሰኝ ብለህ ግን ጻፍለት። በስሜ።” ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገሩኝ። እየጻፍኩ በባትሪ አበሩልኝ።

በስማቸው ለመጻፍ የኔን ውሸት መናዘዝ ነበረብኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ኢሜይሉን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ “ውድ” ብዬ ጀምሬ እሰርዛለሁ። በመጨረሻ ላክሁት። ልጅቷ ለአንድ ወር ያህል ዝም አለች፤ ተቀየሙ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ መልሱ መጣ፣ አጭር ነው። አያቷ የዘበኛውን ስም ደብተራቸው ላይ ጽፈዋል፤ የፊተኛውንም ስም አልሰረዙትም። ሁለት ነገር ይጠይቃሉ አለች፤ ልብሱ ልክ ሆነ ወይ? እውነተኛው አያትህስ ምን ነበር የሚያርሱት?

ገብስ ብዬ መለስኩ። ስለ ልብሱም ልክ ነው አልኩ። ኮሪያው ለብሰውት ሳያቸው ሌላ አንድ ሰው ይጨምር ነበር።