ወባ ሊደብቀው ያልቻለው ብረት

ጭላሎ ጉሙን ተከናንቦ ከኋላው በቆመበት ማለዳ፣ አሰላ ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ለሚያይ ሰው የቆላው ትኩሳት የሩቅ አገር ወሬ ይመስለዋል። እዚህ ገብስና ስንዴ፣ ውርጭና ጋቢ ነው፤ እዚያ ታች ዝዋይ ዱግዳና ዶዶታ፣ መርቲና ጀጁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በየጎድጓዳው የሚያቁርበትና ትንኙ የሚፈላበት ምድር። ደገኛው በከፍታው ተማምኖ ይኖራል፤ ልጁ ግን ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ነጋዴው በኢተያና በዴራ አድርጎ አዳማ ደርሶ ይመለሳል፣ ደምም ከባለቤቱ ጋር ዳገቱን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወረደው ወረርሽኝ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ዘልቆ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ሲገመት፣ ከፍታ ብቻውን አጥር እንዳልሆነ አገር ሁሉ አይቷል። ስለዚህ የወባን ነገር ከደጋ ሆኖ ማሰላሰል የባዕድ ጉዳይ ማንሳት አይደለም፤ በተለይም በደም ውስጥ ትቷት ስለሚሄዳት፣ ማግኔት ሲጠራት አቤት ስለምትል አንዲት ቅንጣት።

በደማችን ብረት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀነውም እንዘነጋዋለን። በአንድ ጎልማሳ ገላ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ አብዛኛው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ፣ በሂሞግሎቢን እቅፍ ተቀምጦ፣ ከሳንባ የተቀበለውን ኦክስጅን ለየአካላቱ ሲያደርስ ይውላል። የበቆጂ ልጆች ማለዳ ዳገቱን ሲወጡ አብሯቸው የሚደክመው ይህ ብረት ነው፤ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ የመጨረሻውን ዙር ስትፈተለክም ያገለገላት እሱው ነው። ይህ ሁሉ ብረት በደም ሥራችን እየፈሰሰ፣ ማግኔት ክንዳችን ላይ ብናሳርፍ አንዳች የሚሳብ ነገር አይሰማንም። ሊነስ ፖውሊንግና ቻርልስ ኮርዬል እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳዩት ኦክስጅን የያዘ ሂሞግሎቢን ወደ ማግኔት አይሳብም፤ እንዲያውም እጅግ በደከመ ኃይል ይሸሸዋል። ጤነኛ ደም ብረቱን እንዲህ ዝም አሰኝቶ ይዞታል፤ ስለዚህ ዝምታ ባሰብሁ ቁጥር መደነቄ አይቀርም።

ዝምታውን የሚሰብረው የወባ ተሕዋስ ነው። ሴሉን በስቶ ይገባል፣ ሂሞግሎቢኑን ይበላል፣ ፕሮቲኑን ፈጭቶ ይጠቀምበታል፤ ብረት ያዘለውን ሂም ግን ሊፈጨው አይችልም፣ ሊተወውም አይችልም፣ ለራሱ ለበሊታው መርዝ ነውና። እናም መርዙን እርስ በርሱ እያያያዘ ወደማይሟሟ ክሪስታል ይለውጠዋል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምድጃው ላይ እንደሚቀር አመድ፣ የተበላው ደም ምስክር ሆኖ ሄሞዞይን ይቀራል። የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ተሕዋሱን የሚገድለውም ይህን ክሪስታል እንዳይሠራ አግዶ፣ በገዛ ምግቡ መርዝ በማስያዝ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው ከጣት ጫፍ የወሰዳትን ጠብታ በስላይድ አድርቆ፣ በጊምሳ ቀለም ነክሮ አጥቦ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ በማይክሮስኮፑ ሲያጎነብስ፣ በሰማያዊና በሐምራዊው መካከል ቀለም ያልሰጠናት አንዲት ወርቃማ ቡናማ ነቁጥ ትታየዋለች። ቡናማነቷ የራሷ ነው። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ሴከንደራባድ ላይ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይህችኑ ነቁጥ አይቶ ነው የወባን መንገድ የተከተለው።

በዚያች ነቁጥ ውስጥ የተከማቸው ብረት ደግሞ እንደ ቀድሞው ዝም አይልም፤ ማግኔት ይስበዋል። ጥቂት ደም ሴሎቹ እስኪፈነዱ በፈሳሽ ተበጥብጦ በማግኔት መካከል ሲቀመጥና ብርሃን ሲያልፍበት፣ ርዝመታቸው ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር የማይበልጥ እነዚያ ክሪስታሎች በፈሳሹ ውስጥ ዞረው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ በእነሱ መሰለፍም የሚያልፈው ብርሃን ይለወጣል። ማግኔቱ ሲነሳ በፈሳሹ ንውጽውጽታ ተገፍተው ወደ ብትንታቸው ይመለሳሉ፣ ብርሃኑም ወደ ነበረበት። ንጹሕ ደም በዚያው ስፍራ ቢቀመጥ ይህ ለውጥ አይታይበትም። ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይዳስሰው በሽታ፣ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ተጠርቶ ብድግ ሲል ማሰብ ልቤን በአክብሮት ይሞላዋል።

ይህን ከመደነቅ አልፌ የምወደው ስለ አገራችን ስል ነው። በየጤና ኬላው የለመድነው ፈጣን መመርመሪያ በአብዛኛው ሲፈልግ የኖረው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተሕዋስያን መገኘታቸውን፣ ከመመርመሪያውም ለማምለጥ እየተለወጡ መሆኑን አሳይቷል። ተሕዋሱ ፕሮቲኑን ጥሎ መኖር ይችላል፤ ሂሞግሎቢን እየበላ ግን ሂሙን የሚያስቀምጥበት ማጣት አይችልም። የማግኔቱም ዓይን ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ተሕዋሱ ገና ለጋ ቀለበት ሳለ ክሪስታሉ ጥቂት ነው፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ዓይነት ጎልማሶች ደግሞ በውስጥ አካላት ደም ሥር ተጣብቀው ስለሚቀሩ ከጣት የሚቀዳው ደም በአብዛኛው ለጋውን ይዞ ይወጣል፤ በዳነ ሰውም ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የዋጡት ቅንጣት ለጊዜው ይቆያል። ለዚህ ነው በማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰውን ሰው ትዕግሥት ዛሬም የሚተካው ያላገኘሁት።

እንግዲህ መስከረም ጠብቶ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ከመርቲም ይሁን ከዝዋይ ዳር ተመልሶ የመጣ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ቢያተኩሰው፣ ደጋ ነንና ብርድ ነው ብላችሁ አታሳድሩት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን አስመርምሩት፣ ወዴት ወርዶ እንደነበረም ለባለሙያው ንገሩ።