ምክርና መድኃኒት

«ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት ለጤነኛ ሰው የተነገረ ነው። ጤነኛ ሰው ምክርን ለመቀበልም ለመናቅም ሥልጣን አለውና ቢንቅ በደሉ የራሱ ይሆናል። አእምሮውን የታመመ ሰው ግን በዚህ ተረት ሊፈረድበት ይገባልን?

ባይፖላር የተባለው ሕመም ሰውን በሁለት ጫፍ መካከል ያመላልሰዋል። አንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ደስታና ብርታት ሰጥቶ እንቅልፉን ይነሣዋል፤ ንግግሩን ያፈጥነዋል፤ ገንዘቡንም ያለ አሳብ ያስበትነዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በጥልቅ ትካዜ ይጥለውና ሕይወቱን እስኪጠላ ያደርሰዋል። በሁለቱም መካከል እንደ ማንም ሰው የሚሠራበትና የሚያስብበት የጤና ወራት አለው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. ጆን ኬድ የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም ሊቲየም የተባለው ጨው ከልክ ያለፈውን መነሣሣት እንደሚያበርድ ጽፎ ገለጠ። ይህም መድኃኒት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በመድኃኒቱም ላይ የንግግር ሕክምና ተጨመረ፤ ይኸውም ሕመምተኛው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር እየተነጋገረ የሕመሙን ምልክት እንዲያውቅ፥ የመኝታውን ሰዓት እንዲጠብቅ፥ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ የሚማርበት ነው።

የዚህን ሕክምና ዋጋ የመዘኑ ሊቃውንት አሉ። በዚሁ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በታተመው የባርሴሎና ጥናት፥ በጤና ወራታቸው የነበሩ 120 ሕመምተኞች ሁሉም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ለሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ 21 ጊዜ ተሰብስበው ስለ ሕመማቸው ተማሩ፤ የቀሩት ግን ያለ ትምህርት እንዲሁ ተሰበሰቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተማሩት ከመቶ 92ቱ፥ ከተማሩት ከመቶ 67ቱ ሕመሙ አገረሸባቸው። በ2006 ዓ.ም. የታተመው የብሪታንያ ጥናት ግን 253 ሕመምተኞችን ተመልክቶ በንግግር የታከሙት ካልታከሙት የተሻሉ ሆነው አላገኛቸውም። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሕክምናውን ሲጀምሩ ሕመሙ ገና አልለቀቃቸውም ነበር፤ የተጠቀሙ መስለው የታዩትም ቀድሞ ከ12 ጊዜ በታች የታመሙት ነበሩ።

እንግዲህ ንግግር በጊዜው ሲደርስ ይረዳል፤ ሲዘገይ ይደክማል፤ የመድኃኒትንም ስፍራ አይወስድም። ደግሞ ከተማሩት ከመቶ 67ቱ የወደቁት ምክርን ስለ ናቁ ነው የሚል ማን ነው? ንግግር ብቻውን ያድናል የሚል ሰው፥ ሳያስበው በሕመምተኛው ላይ ሁለተኛ ሸክም ይጭንበታል፤ ሕመሙ ባገረሸ ጊዜ «ሰነፍ ነህ፥ አልሰማህም» ይባላልና። ንግግር ከንቱ ነው የሚልም እንዲሁ ይበድለዋል፤ ራሱን ለመጠበቅ ያለውን ድርሻ ይነሣዋልና። ከመቶ 25 ሰው ከመውደቅ መትረፉ ጥቂት የሚመስለው፥ አንድ ውድቀት ሥራን፥ ትዳርን፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን እንደሚያጠፋ ላላየ ሰው ነው።

ስለዚህ መልካም ምክር የሚባለው ከውድቀት በኋላ የሚመጣው ወቀሳ አይደለም። በጤናው ወራት ሕመምተኛው ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ «ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ባደርና ባልደክም፥ ደኅና ነኝ ብላችሁም ወደ ሐኪም ውሰዱኝ» ብሎ የሚዋዋለው ነው እንጂ። ያ ሌሊት በመጣ ጊዜ ቃሉን የሚጠብቁለት ቤተ ሰቦቹ ናቸው፤ ቃሉ ቢፈርስ በእርሱ ብቻ አይፈረድበትም።