የሻጭ ዝምታ

ለሥራው ጉልበት ያለው ላፕቶፕ የሚያስፈልገው አርክቴክት ወይም የቪዲዮ ኤዲተር፣ የአዲሱን ዋጋ ሲሰማ ፊቱን ወደ ያገለገለው ያዞራል። አዲስ አበባ ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ የሚሸጠው ማሽን ለብዙ ባለሙያ የእንጀራ መሣሪያ ሆኗል። ይህ ግዢ ታዲያ ከቴክኒክ ያለፈ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ሻጩ የማሽኑን ጉድለት እያወቀ፣ ገዢው ስላልጠየቀው ብቻ ዝም ቢል በድሏል ወይስ አልበደለም? እኔ በድሏል ባይ ነኝ። ሐሰት ስላልተናገረ ብቻ ነፃ ይወጣል የሚለውን መከራከሪያ አልቀበልም።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ረሃብ ወዳለባት ሮድስ እህል ጭኖ የደረሰ ነጋዴን ያነሳል። ሌሎች መርከቦች እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆኑን እሱ ያውቃል፤ የከተማው ሰው አያውቅም። ፈላስፋው የባቢሎኑ ዲዮጋን አለመናገርና መደበቅ ይለያያሉ ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲፓተር ገዢው ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ሊያውቅ ይገባል ብሎ ይሞግታል። ሲሴሮም ለአንቲፓተር ይፈርዳል። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ገበያ ላይ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን ሲሰዱ እርጥቡን ከሥር አግኝተው ሻጩን መገሠጻቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ያ ሰው እህሌ ደረቅ ነው ብሎ አልዋሸም፤ ዝናብ የመታው ወደ ውስጥ፣ ደረቁ ወደ ላይ ሆኖ ነው የተገኘበት። ተግሣጹም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግከውም የሚል ነበር።

ላፕቶፕ ደግሞ ከሥር ያለውን እጅ ሰዶ መዳበስ የማይቻልበት ዕቃ ነው። ኮር አይ 7፣ 32 ጊጋ ራም፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሚለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ ሲከፈት በሰከንዶች ይነሳል፤ ስክሪኑም ያምራል። ፋኑ በአቧራ ታፍኖ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ከሆነ ግን፣ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገዢው ይህን የሚያየው ቤቱ ገብቶ ረጅም ቪዲዮ ሬንደር ማድረግ ሲጀምር ነው፤ ገንዘብ የከፈለበት ጉልበት በሚያስፈልገው ሰዓት ይጠፋል። ባትሪውም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ያህል ይይዝ እንደነበርና ዛሬ ምን ያህል እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ሪፖርቱን ማውጣት ለሻጩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በድርጅት ቁጥጥር ሥር ተመዝግቦ የቀረ ማክቡክ ደግሞ፣ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ኢንተርኔት ሲያገኝ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት መግቢያ ሊጠይቅ ይችላል።

ገዢ ዓይኑን ገልጦ ይግዛ የሚሉ አሉ። ዓይን የሚያየውን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ የተሰነጠቀ ክዳን ወይም የማይሠራ ቁልፍ ሳያይ የገዛ ሰው ራሱን ይውቀስ። ሱቅ ቆሞ በአምስት ደቂቃ ሊታወቅ የማይችለውን ግን ለገዢው ጥንቃቄ መተው፣ ሸክሙን ሊሸከመው በማይችለው ሰው ላይ መጫን ነው። ዋጋው የረከሰው እኮ ስላገለገለ ነው የሚለውም አያሳምንም። ቅናሹ የጉድለቱ ካሣ ከሆነ ጉድለቱን መናገር ሻጩን ምንም አያጎድለውም። የሚያጎድለው ከሆነ ደግሞ ዋጋው ጉድለቱን አላካተተም ማለት ነው።

የሚከብደው ሌላው ሙግት ነው፦ ሁሉ ዝም በሚልበት ገበያ የሚናገረው ብቻውን ይከስራል። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ ያገለገሉ መኪኖች ባሳተመው ጥናት፣ ገዢው ደኅናውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ እንደሚሰጥ፣ በዚያ ዋጋ የማያዋጣው ደኅና ዕቃ ያለው ሻጭም ከገበያው እንደሚወጣ አሳይቷል። ከዚህ የምረዳው ግን ዝምታ ነጋዴውን እንደሚጠብቀው አይደለም፤ በዝምታው ዋናው ከሳሪ ደኅና ዕቃ ያለው ሻጭ ራሱ ነውና። በጅምላ ገዝቶ የሚቸረችር ነጋዴ የእያንዳንዱን ማሽን ታሪክ ላያውቅ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ አልፈተሽኩትም ይበልና ገዢው ሥራው ላይ ሞክሮ የሚመልስበት ጥቂት ቀን ይስጠው።

ገዢውም ከዚህ ግዴታ ውጭ አይደለም። የባትሪውን ሪፖርት ከፍቶ ያሳየውን ሻጭ በዚያው ሪፖርት ዋጋ ሲሰብርበት ውሎ፣ በመጨረሻ ምንም ካላሳየው ጎረቤቱ ሄዶ የሚገዛ ሰው ዝምታን ከሻጩ ጋር አብሮ እየገነባ ነው። ባትሪ የመቀየሪያው ወጪ ይታወቃል፤ ያንን ያህል ያስቀንስ፣ የቀረውን ለተናገረው ሰው ይክፈል።