ወንበር ስር ያለው ብር

 

ላቫጆ የከፈተ ወንድማችን ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ አዲስ ልጅ ስቀጥር መኪናው ወንበር ስር ብር አስቀምጬ ብፈትነው ይፈቀዳል?» ከደንበኛ መኪና ስልክ ጠፍቶ ከኪሱ ከፍሏል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል።

የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ አባቷ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥሩት ስትመክር ያነሳችው ብርታቱንና ታማኝነቱን ነው (አል-ቀሶስ 26)። ወጥመድ ግን አልዘረጋችለትም። ዋጋ ሳይጠይቅ መንጋቸውን ሲያጠጣላቸው አይታዋለች።

ዑመርም (ረ.ዐ) ለአንድ ሰው የመሰከረን ሰው ጎረቤቱ እንደሆነ፣ አብሮት እንደተጓዘ፣ በገንዘብ እንደተገበያየው መጠየቃቸው ይወራል። መስጂድ ውስጥ ማየቱ አልበቃቸውም። (እኛ ጺም አይተን የመኪና ቁልፍ እንሰጣለን!)

እናም ወንድሜ፣ ጎረቤቶቹን ጠይቅ። ጥቂት ቀን አብረኸው እጠብ። መኪና ሲገባ ውስጡ ያለውን ዕቃ ከባለቤቱ ጋር መዝግብ። ቁርሱን ሳይበላ ለመጣ ልጅ ብር ደብቀህ ብታስቀምጥና ቢወድቅ ግን፣ በውድቀቱ ውስጥ ያንተ እጅ የለበትም?

ደግሞ አማናው የሱ ብቻ አይደለም። ሠራተኛ አሠርቶ ዋጋውን የከለከለን ሰው አላህ በቂያማ ቀን ባላጋራው እንደሚሆን በሐዲሰል ቁድስ መጥቷል። «የልጆቹን ሂሳብ በሰዓቱ ትሰጣለህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ የሁለት ሳምንት እንዳልከፈላቸው ነገረኝ።